የዓሣ ድንኳን በፕሮይንገስሃይም

ልጄ ያገባችው ፊንላንዳዊ ነው። የባሏ አባት ከሐይቅ ዳር የሚኖር ጡረተኛ አናጢ ሲሆን፣ በዓመት የሚናገራቸው ቃላት እጅግ ጥቂት ናቸው፤ ከእነዚያም የተወሰኑትን ለእኔ እየቆጠበ በየክረምቱ ይደውልልኛል። «ሐይቁ በረዶ ሆኗል» ይለኛል፣ በልጅነቱ ትምህርት ቤት በተማራት ጀርመንኛ። ትንሽ ይቆይና «ሁለተኛ ወንበር አለኝ» ይላል። ከዚያ እየተነፈሰ ይጠብቃል። ይህ ግብዣ መሆኑን ለመረዳት ሦስት ክረምት ፈጅቶብኛል። ሚስቴ ሁለት ነው ትላለች፤ የእሷን ቃል እዚህ የማሰፍረው ለፍትሕ ስል ነው፤ በዚህ ታሪክ ውስጥ ትዝታዬ ተከሳሽም ምስክርም ነውና።

ባለፈው ክረምት ሲደውልልኝ «እመጣለሁ» አልኩት። በእሱ በኩል ረጅም ዝምታ ሆነ፤ ዝምታው ደስታ እንደነበር ልጄ በኋላ አስረድታኛለች። በረዶው ላይ ቀዳዳ በስቶ ዓሣ ሲያጠምድ የሚጠለልበት አሮጌ ድንኳን በነፋስ እንደተቀደደ ነገረኝና፣ እኔም ሳላስብ «አዲሱን ድንኳን እኔ ይዤ እመጣለሁ» አልኩ። ሳላስብ ማለቴ እንኳ ትክክል አይደለም። የልጅ አማት ቤት ባዶ እጅ አይኬድም፤ ሐይቅ፣ ጫካ፣ ጀልባና ሳውና ላለው ሰው ደግሞ ከፍራንክፈርት ምን ይወሰድለታል? አንድ ጊዜ የዚህን ከተማ የፖም ወይን ጠጅ ልኬለት፣ የመኪናውን መስታወት ከበረዶ ማላቀቂያ እንዳደረገው ልጄ ነግራኛለች። ምናልባት እየቀለደች ነበር።

ችግሩ፣ ብቻዬን መሄድ እንደምችል የማምነው እኔ ብቻ መሆኔ ነበር።

በዚያ ዓመት ጥቂት ነገሮች ደርሰውብኛል። ምድጃ ላይ የጣድኩትን ምስር ረስቼ የእሳት አደጋ ማስጠንቀቂያው ሕንፃውን በሙሉ ቀሰቀሰው፤ ይህ በማንኛውም ሰው ላይ ይደርሳል። ቀጥሎ የደረሰው ግን በማንኛውም ሰው ላይ አይደርስም። ከመሐል ከተማ ወደ ቤታችን ወደ ፕሮይንገስሃይም ልመለስ በዩ-ባን፣ በምድር ውስጥ ባቡር፣ ተሳፍሬ ቦርንሃይም ወረድኩ፤ ከበርገር ሽትራሰ ጎዳና ገባ ብሎ ወዳለው፣ ልጃችንን ወዳሳደግንበት አሮጌ ሕንፃ ሄድኩ፤ ሦስተኛ ፎቅ ወጥቼ ቁልፌን በሰው በር ላይ ሳዞር ቆየሁ። በሩን የከፈተልኝ ወጣት ደግ ሰው ነበር። ሻይ ሰጠኝ። ወጥ ቤቱን እንዴት እንዳደሰው አሳየኝ፤ እኔም ቧንቧው ከድሮም ጀምሮ እንደሚያንጠባጥብ ነገርኩት። ለእኔ ጥሩ ከሰዓት በኋላ ነበር። ለሚስቴ ግን፣ ወጣቱ ስልክ ደውሎ «ባለቤትዎ እዚህ ናቸው» ካላት ጀምሮ፣ አልነበረም።

ስለዚህ ቴርሚን፣ ቀጠሮ ማለት ነው፣ ተያዘልኝና ወደ ሐኪም ተወሰድኩ። ሐኪሟ ወረቀት ሰጠችኝና ሰዓት እንድሥል፣ ዘንጎቹንም አሥራ አንድ ከዐሥር ላይ እንዳደርግ ጠየቀችኝ። ዕድሜዬን በሙሉ ድልድይ ስነድፍ የኖርኩ መሐንዲስ ነኝ፤ ክቡ ያማረ ነበር። ትንሿን ዘንግ ግን አምስት ላይ አደረግኋት። በእኛ አቆጣጠር ከረፋዱ አምስት ከዐሥር ነዋ! ሐኪሟ ማስታወሻዋ ላይ ጻፈች። መንገድ ላይ ለሚስቴ «ሆን ብዬ ነው፣ ላሾፍባት ብዬ» አልኳት። እስከ ዛሬ ድረስ ሹፈት ይሁን መርሳት እኔ ራሴ አላውቀውም፤ ያን ቀን ግን ሹፈት መሆኑን በታላቅ ክብር ተከራክሬያለሁ።

ሚስቴ ነርስ ነበረች። ጡረታ የወጣችው ከደመወዙ እንጂ ከሥራው አይደለም።

«ብቻህን?» አለችኝ፣ ስለ ሐይቁ ስነግራት።

«ብቻዬን።»

«ሄልሲንኪ ላይ አውሮፕላን ቀይረህ?»

«ቀይሬ።»

«አንተ ዩ-ባን ቀይረህ ቤትህ ያልደረስክ ሰውዬ!»

ልጃችን ከምትኖርበት ሰፈር ከኦይሮፓፊርቴል በስልኩ ድምፅ ማጉያ ታዳምጥ ነበር። እኔ በአማርኛ ረጅም ማብራሪያ ሰጠሁ፤ እሷ በጀርመንኛ አጭር የእምቢታ መልስ ሰጠች። «ፓፓ፣ ናይን።»

ያን ምሽት በጣም አኩርፌ እንደነበር አስታውሳለሁ፤ ሚስቴ ግን እያዛጋሁ ቴሌቪዥን እመለከት ነበር ትላለች። የሆነ ሆኖ በማግስቱ አንድ ሐሳብ ይዛ መጣች። ፈተና ነበር። ድንኳኑን ራሴ እመርጣለሁ፣ ራሴ እገዛለሁ፣ ግቢያችን ውስጥ ራሴ እተክለዋለሁ፤ ከዚያም ነቅዬ፣ አጣጥፌ፣ ከረጢቱ ውስጥ እመልሰዋለሁ።

«ካስማ አንዲት ብትጎድል ትኬት የለም» አለች።

«ሳትጎድል ከተመለሰች?»

«ትሄዳለህ። ብቻህን። ልጅህንም እኔ ዝም አሰኛታለሁ።»

ነገሩ ስለ አንድ ዓሣ እንዳልነበር አንባቢ ይረዳልኛል። ዓሣ በበርገር ሽትራሰ ታጥቦ፣ ተቆርጦ፣ ሎሚ ተጨምሮበት ይሸጣል። እኔ የፈለግሁት፣ አንድ ጠዋት ሻንጣዬን ይዤ ከቤት ወጥቼ ማንም በመስኮት ሳይከተለኝ ጥግ መዞር ነበር።

ፈተናው «ራስህ» የሚል ቃል እንዳለበት አልዘነጋሁም። ቃሉን ትንሽ ሰፋ አድርጌ ተረጎምኩትና ለጓደኛዬ ደወልኩ።

ጓደኛዬ የምጽዋ ልጅ ነው። እዚህ ከተማ ለረጅም ዓመታት አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ጡረታ ወጥቷል። አባቱ ዓሣ አጥማጅ እንደነበሩና እሱም በልጅነቱ አብሯቸው ባሕር ይወጣ እንደነበር ይናገራል፤ በወሬው ውስጥ የሚያዘው ዓሣ በየዓመቱ እያደገ ስለሄደ፣ አሁን አሁን ጀልባዋ እንዴት እንደቻለችው በስሌት ልደርስበት አልቻልኩም። እኔን «ፕሮፌሰር» ይለኛል። ፕሮፌሰር ሆኜ አላውቅም።

አብረን የሄድንበት የዓሣ ማጥመጃ ዕቃ ሱቅ ከከተማው ወጣ ብሎ ነበር። ስለ ነፋስ ግፊት፣ ስለ ምሰሶዎቹ ውፍረትና ስለ ሸራው ክብደት ያዘጋጀሁትን አራት ገጽ ወረቀት ይዤ ገባሁ። ሻጯ ወጣት ሴት ወረቀቱን በአክብሮት አገላበጠችና የትኛው ሐይቅ ላይ ልንተክለው እንደሆነ ጠየቀች። ፊንላንድ ስንላት ፊቷ በራ። ባለፈው ጊዜ ይህን ዓይነት ድንኳን የገዙት ሴት፣ ባልኮን ላይ ተሸሽገው ሲጋራ ለማጨስ እንደነበር ነገረችን።

ሦስት ዓይነት አሳየችን። አንደኛው ከሥሩ እንደ ጀልባ የተሠራ ተንሸራታች አለው፤ ዕቃህን ጭነህ በረዶው ላይ ትጎትተዋለህ፣ ስትደርስ ሸራውን እንደ ጋሪ ክዳን ወደ ፊት ታጥፈዋለህ። ድንቅ ሥራ ነበር፤ በአውሮፕላን ግን አይጫንም። ሁለተኛው ለአንድ ሰው፣ ቢበዛ ለሁለት የሚሆን፣ ቀጭን፣ ቀይና ርካሽ። ሦስተኛው ጥቁር ነው፤ ሸራው እንደ ብርድ ልብስ ድርብ ሆኖ የተሰፋ፣ አራት ሰው የሚይዝ፤ የግድግዳዎቹንና የጣሪያውን መሐል ስትስበው እንደ ጃንጥላ ተፈናጥሮ ይወጠራል። ካስማዎቹ የቡሽ መክፈቻ ይመስል ተጠማዝዘው በረዶ ውስጥ በእጅ የሚጠመዘዙ ናቸው።

ስሌቴ ለቀዩ ያደላ ነበር። ቀላል ነው፤ ነፋስ የሚያርፍበት ገጽም ትንሽ ነው። ጓደኛዬ ግን «መቀመጥ አለብን» አለ። ገባን። ሁለት ሽማግሎች፣ ጉልበት ለጉልበት፣ አፍንጫ ለአፍንጫ። ሻጯ ዚፑን ከውጭ ዘጋችልን።

«ፕሮፌሰር፣ ቁርስህን ምን በላህ?» አለኝ።

«ለምን ጠየቅህ?»

«ሽንኩርት ነበረበት።»

«ለሁለት ሰው የተሠራ ነው፤ ከዚህ በላይ ቦታ አያስፈልገንም።»

«እንግዳ ቢመጣስ?»

«በረዶ ላይ ማን ይመጣል?»

«ሰው የማይመጣበት አገር አይተህ ታውቃለህ? ሰውየው ጎረቤት አለው፣ ጎረቤቱ ወንድም አለው። ድንኳን ያየ ሰው ይገባል። ገብቶ የት ይቀመጥ? ጭንህ ላይ?»

ዚፑ ሲከፈት ሻጯን አስታራቂ አድርገን ጠየቅናት። በረዶ ላይ ብዙውን ጊዜ ሰው እንደማይመጣ፣ ሰዎች ወደዚያ የሚሄዱትም ለዚሁ ሲሉ እንደሆነ ነገረችን። ጓደኛዬ አዘነላት። ሆኖም ጥቁሩ አንድ ጥቅም እንዳለው ጨመረች፦ ውስጡ ጨለማ ስለሆነ ብርሃኑ በበረዶው በኩል ከሥር ይመጣል፤ በቀዳዳው ቁልቁል ስታይ ዓሣው ሲመጣ ይታይሃል። ይህን ስሰማ አራቱን ገጽ ኪሴ ከተትኳቸው። ዓሣው ሲመጣ ማየት! ጥቁሩን ገዛሁ። ቀዩን ከመረጥኩ በኋላ ጓደኛዬ አስገድዶኝ ነው የሚል ሌላ የታሪኩ ቅጂ አለ፤ የራሱ የጓደኛዬ ነው።

ከረጢቱ የእኔን ቁመት ያህል ነበር። ዩ-ባን ውስጥ አንዲት ሴት የሙዚቃ መሣሪያ እንደሆነ ጠየቁን። ጓደኛዬ ፈጥኖ «ኮንትራባስ ነው፤ እኔ እነፋዋለሁ፣ እሱ ይመታዋል» አላቸው፤ ኮንትራባስ ግን እንደ ማሲንቆ በደጋን የሚጫወቱት መሣሪያ ነው። ሴትዮዋ እስኪወርዱ ድረስ ሲያስቡ ነበር።

የፈተናው ቀን እሑድ ሆነ። ሚስቴ ማልዳ ቤተ ክርስቲያን ሄደች፤ ስትመለስ ተተክሎ ልታየው፣ ከዚያም ስነቅለው ካስማ ልትቆጥር ተስማምተናል። ጓደኛዬ «እኔ አልነካም፣ ለማየት ብቻ ነው» እያለ መጣ። ኮቱን ብስክሌት ማሰሪያው ላይ ሰቀለ። የእኔ ስልክ ወጥ ቤት ጠረጴዛ ላይ ቀርቷል፤ እኔ ረሳሁት የምለውን ሚስቴ «እንደ ልማድህ» ትለዋለች።

ድንኳኑ ባላሰብኩት ፍጥነት ቆመ። በሁለቱ ሕንፃዎች መካከል ባለው ሣር ላይ፣ ከሕፃናቱ መጫወቻ ጎን፣ ጥቁር፣ ሰፊና የተከበረ ሆኖ ቆመ። እኔ ወደ ውስጥ ገብቼ ዚፑን ዘጋሁና በጀርባዬ ተጋደምኩ። ሰበቡ ሙያዊ ነበር፦ በስፌቱ በኩል ብርሃን የሚያስገባ ቀዳዳ ካለ ዓሣው አይታይም፤ ቀዳዳ ለመፈለግ ደግሞ ጨለማውን ዓይን እስኪለምደው ጸጥ ብሎ መጋደም ያስፈልጋል። በዚህ መካከል ጓደኛዬ ከውጭ በኩል አንዱን ግድግዳ፣ በደንብ አልተወጠረም ብሎ፣ መሐሉን ይዞ ሳበው። ተፈናጥሮ ግንባሩን መታው። ራሱን በሁለት እጁ ይዞ ሣሩ ላይ ተቀመጠና «ወይኔ! ወይኔ!» አለ።

አሁን ከላይ የሚታየውን ማሰብ ነው። ፊት ለፊት ካለው ሕንፃ ሁለተኛ ፎቅ፣ ሁላችንም እማማ የምንላቸው አንዲት አሮጊት ይኖራሉ። ጉልበታቸው ስለማይፈቅድላቸው እሑድ እሑድ ባልኮናቸው ላይ ሆነው ይጸልያሉ፤ ግቢውንም ይጠብቃሉ። ያን ጠዋት ብቅ ሲሉ፣ በእኛ በር ፊት ጥቁር ድንኳን ተጥሏል። እኔ የለሁም። የቅርብ ጓደኛዬ ሣር ላይ ተቀምጦ ራሱን ይዞ ወይኔ ይላል።

እዚህ አገር ሰው ሲሞት አዳራሽ እንከራያለን፤ ወንበር ይደረደራል፣ በሰዓቱ ተገብቶ በሰዓቱ ይወጣል። ከዚያ የተነሣ፣ ቤት ደጃፍ የሚጣል ድንኳን ምን ማለት እንደሆነ ከአእምሮዬ ወጥቶ ነበር። ሐኪሟ ይህን ብትጠይቀኝ ኖሮ በእርግጥ እወድቅ ነበር። እማማ ግን አልረሱም። ከባልኮን ወደ ለቅሶ ቤት ተጣርቶ «ማን ሞተ?» አይባልም፤ ስለዚህ ስልካቸውን አነሡ።

ቀጥሎ የሆነውን ከብዙ ምስክሮች ቃል አጠናቅሬዋለሁ። ቅዳሴ እንዳለቀ እማማ ቤተ ክርስቲያን ለነበረች አንዲት ሴት ደወሉ፤ ያቺ ለሌላዋ ነገረች። የእኔ ስልክ ተደወለ፤ ጠረጴዛው ላይ ጮኸ። የጓደኛዬ ተደወለ፤ ኮቱ ውስጥ ጮኸ። ማንም ባለማንሳቱ ነገሩ ተረጋገጠ። መርዶ ደግሞ በቤተ ክርስቲያን ደጅ፣ ሰው መካከል አይነገርም፤ ሐዘንተኛዋን ይዞ፣ ቤቷ አድርሶ፣ አስቀምጦ ነው። ሚስቴ ስትወጣ ሰባት ሴቶች ጠበቋት። አንዷ ቦርሳዋን ወሰደች፣ አንዷ ክንዷን ያዘች።

«ቤት እናድርስሽ።»

«ለምን?»

«እንዲያው።»

እዚያው ላይ ገባኝ ትላለች። ሠላሳ ዓመት ሆስፒታል የሠራች ሴት ናት፤ ሰው ክንድ ለምን እንደሚያዝ ታውቃለች። ዩ-ባን ውስጥ በመካከላቸው አስቀመጧት። ሰባቱም በመስኮት ያያሉ። ባቡሩ ገና መሬት ውስጥ ነው፤ በመስኮቱ የሚታይ ነገር የለም።

እኔ ይህን ሁሉ ሳላውቅ ጨለማዬ ውስጥ በሰላም ተጋድሜያለሁ። ዚፑ ተከፈተ። እማማ ደረጃውን በስንት ጊዜ ወርደው፣ በምርኩዝ፣ ነጠላቸውን አዘቅዝቀው ገቡ፤ ብርሃኑ ወደቀብኝ፤ በጀርባዬ፣ እጆቼን ደረቴ ላይ አድርጌ ነበርኩ። ጓደኛዬ ከኋላቸው «እማማ! እማማ!» እያለ ይሮጣል።

እማማ «ወንድሜን! ወንድሜን! መሬት ላይ አጋደሙህ!» ብለው ጀመሩ።

ቀና አልኩ። «እማማ፣ ምን ሆኑ?»

«በስመ አብ ወወልድ!» ምርኩዛቸውን አነሡብኝ። ቆይተው ዝቅ አደረጉት። «አልሞትክም?»

«አልሞትኩም።»

«እርግጠኛ ነህ?»

በዚያ ዓመት ከተጠየቅኋቸው ጥያቄዎች ሁሉ ያለ ማመንታት የመለስኩት ይህን ብቻ ነው።

እማማ የዓሣ ማጥመጃ ወንበሬ ላይ ተቀመጡና ትንፋሻቸውን ሰበሰቡ። «ታዲያ ድንኳን ምን ልሥራ ብለህ ጣልክ?»

«ለዓሣ ነው።»

«ዓሣ ሞቶብህ?»

«ለማጥመጃ ነው፣ እማማ። በረዶ ላይ የሚተከል።»

«እዚህ ሣር ላይ?»

ጓደኛዬ ግንባሩን በእጁ እያሸ ሊያስረዳ ሞከረ፤ ነገሩን አባሰው። እኔ ግን አንድ ነገር እየመጣልኝ ነበር።

«ለማን ለማን ደወሉ?» አልኳቸው።

«ለሁሉም ነዋ! ለአንተ እንዲህ ያለ ለቅሶ ሳይነገር ይቀራል?»

የጓደኛዬን ስልክ ነጥቄ ሚስቴ ጋ ደወልኩ። ቦርሳዋ በሌላ ሴት ትከሻ ላይ ስለነበረ አልተነሣም። ያን ጊዜ ከግቢው መግቢያ የብዙ ሰው እግር ተሰማ። ልወጣ ስነሣ እማማ እግሬን በምርኩዛቸው አገዱት።

«ወዴት?»

«ሚስቴ ናት!»

«ለዚህ አይደል የምልህ! ሞቷል ብላ ተዘጋጅታ የመጣችን ሴት ዘለህ ፊቷ ላይ ትቆማለህ? ልቧን ልታቆመው? ቁጭ በል። እኔ ቀስ ብዬ እነግራታለሁ።»

ወጡ። ዚፑንም ዘጉት። እኔ በጨለማው ውስጥ ቆሜ የራሴን መኖር መርዶ አዳመጥኩ።

«ልጄ፣ ጠንከር በይ» አሉ እማማ።

የሴቶቹ እግር ሣሩ ላይ ሲቆም ሰማሁ።

«የእግዚአብሔር ሥራ ነው። ምን ይደረጋል። ሰው ነን። ባልሽ...» እዚህ ላይ እማማ እንደ ወጉ ረዘም አድርገው ተነፈሱ። «ባልሽ ደህና ነው።»

ከዚያ ከሰባቱ አንዷ ሳቋን መቆጣጠር አቅቷት አፏን ስትይዝ ሰማኋት፤ ጓደኛዬ እሱ ራሱ ነበርኩ ይላል። እርምጃ መጣ። ዚፑ ተከፈተ፣ ሚስቴ ገባች፣ ዚፑን ከኋላዋ እስከ ታች ድረስ ዘጋችው።

ሸራው ጥሩ ሸራ ነበር፤ ምንም አይታይም። ልትመታኝ ነው ብዬ ትከሻዬን አዘጋጀሁ። እጇ መጣና አንገቴ ላይ፣ ከመንጋጋዬ ሥር አረፈ። ሁለት ጣት። እንደ ነርስ።

«ይቅርታ» አልኩ።

«ዝም በል፤ እየቆጠርኩ ነው።»

ከውጭ እማማ የማን ስህተት እንደሆነ ይናገራሉ። በጣም ከቆየ በኋላ ሚስቴ «ዩ-ባን ውስጥ ምን ሳስብ እንደመጣሁ ታውቃለህ?» አለችኝ።

«አላውቅም።»

«ዓሣ።»

«ዓሣ?»

«አንዲት ዓሣ አማረው፤ እኔ ካስማ ካልቆጠርኩ አልኩት፤ ሞተ። ይህን ይዤ እንዴት ነው የምኖረው ስል ነበር። ስለ ቀብሩ አላሰብኩም፣ ስለ ልጅቷም አላሰብኩም። ስለ ዓሣ!»

«ሂድ» አለች።

«ካስማውን ሳትቆጥሪ?»

«ሂድ አልኩህ። ጠፍተህም ከሆነ ጥፋ፤ ጠይቀህ ትመለሳለህ። ከሞትክም እዚያው ሙት፤ ድንኳኑ አብሮህ ነው።»

ስንወጣ ሴቶቹ በሙሉ ቆመው ይጠብቁናል፤ ነጠላቸውን አቃንተዋል። ግን የተጠራ ለቅሶ በቀላሉ አይበተንም። በስልክ የሰሙት ሌሎች ዳቦና ወጥ ይዘው እየደረሱ ነበር፤ አንድ ሰውዬማ ከኦፈንባኽ ድረስ ውሃ በካርቶን ጭነው መጡ። የመጣ ምግብ አይመለስም። አየሩ ስለቀዘቀዘ ሴቶቹ ድንኳኑ ውስጥ ገቡ፤ በአራት ሰው ልክ የተሠራው ዘጠኝ ያዘ። ጓደኛዬ በአጠገቤ ሲያልፍ፣ በግንባሩ ላይ ያበጠውን ጉብ እንደ ኒሻን ይዞ፣ «በቀዩ ውስጥ ይህን ሁሉ ሰው የት ልታደርገው ነበር?» አለኝ። እማማ ሞቅ ብሏቸው ከመካከል ተቀምጠዋል። ወደዚህ አገር ከመጡ ወዲህ በወግ የተጣለ ድንኳን ሲያዩ የመጀመሪያቸው መሆኑን፣ ሸራውም ከአዳራሽ እንደሚሻል ተናገሩ። ከዚያ ወደ እኔ ዞሩ።

«ዛሬ ያለቀስኩት ይያዝልኝ» አሉ። «ሁለተኛ አልመጣም።»

ማን እንደነቀለው፣ ካስማዎቹን ማን ከሣሩ እንዳወጣቸው አላስታውስም።

ሄድኩ። ሄልሲንኪ ላይ አውሮፕላን ቀየርኩ፤ የቀየርኩት ትክክለኛውን ነበር፤ ይህን ለሚስቴ በፎቶግራፍ አረጋግጬላታለሁ። የልጄ አማት ድንኳኑን ዞር ዞር ብሎ አየውና አንዴ ራሱን ነቀነቀ። በረዶው ላይ ሁለት ቀዳዳ በሰርሳሪ በሳ። በጨለማው ውስጥ ተቀመጥን፤ ሻጯ እንዳለችው ብርሃኑ ከሥር መጣ፤ አረንጓዴ ነበር።

ታሪኩን በሙሉ ነገርኩት። ወደ አንድ ሰዓት ሳይፈጅብኝ አልቀረም፤ የድንኳኑን፣ የሰባቱን ሴቶች፣ የእማማን መርዶ። አልሳቀም፤ ውሃውን እያየ አዳመጠኝ። ስጨርስ፣ መንጠቆውን አንዴ ከፍ ዝቅ አደረገና አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቀኝ።

«አለቀሰች?»

እውነቱን መናገር ነበረብኝ። «ጨለማ ነበር» አልኩት። «አላየሁም።»

ይህን ሲያስብ ቆየ። እኔም አብሬው አሰብኩ። ከዚያ «የልብ ምት ለመቁጠር ስንት ጊዜ ይፈጃል?» ብዬ ጠየቅሁት፤ የጠየቅሁት ራሴን ነበር።

«ግማሽ ደቂቃ» አለ።

«እጇ ከዚያ በላይ ቆየ።»

ራሱን ነቀነቀ። ወንበሩን ወደ ጎን ገፋ አደረገና ከእሱ ፊት ያለውን ቀዳዳ በጣቱ አሳየኝ።

«ወደዚህ ና» አለ። «ዓሣው በዚህ በኩል ነው የሚመጣው።»